የመስፍን የሥራ ልምድ ደብዳቤ

ሥራ የጀመርኩት ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን የድርጅቱ ባለቤት አቶ ታምራት አንድ ቁልፍ የወለቀባት ላፕቶፕ አስረከቡኝና "በይ እንግዲህ፣ ጻፊ" አሉኝ። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቅኩም፤ ዝም ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ለእኔ ጎበዝ ፕሮግራመር ማለት ፈጥኖ የሚጽፍ ነበር። ወላሂ፣ ጅማ ውስጥ ከእኔ የሚፈጥን አልነበረም። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም።

ከዓመታት በኋላ የአምስት ሰው ቡድን መሪ አደረጉኝ። ወንበሬ ተቀየረ፣ ጠባዬ ግን ያው ነበር።

በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ ዙሪያ ላሉ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፕሮግራም እንሠራለን። እሸት ቡናው መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደታጠበ፣ የትኛው አልጋ ላይ እንደተሰጣ ሠራተኞቹ በስልካቸው ይሞላሉ። አልጋ የሚሉት ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ የተሠራውን፣ ቡና የሚደርቅበትን ከፍ ያለ መደብ ነው። ፕሮግራሙም "አገላብጡ"፣ "ሸፍኑ" እያለ መልእክት ይልክላቸዋል።

ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እኛ በአፋችን ኤ አይ የምንለው፣ መጣ። ሳምንት ይፈጅብን የነበረ ኮድ ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቅ ጀመር። ደስታዬን አልቻልኩትም። ነጩን ሰሌዳ ወለወልኩና የአምስቱንም ስም ጻፍኩበት፤ ሥራ የጨረሰ ሰው ከስሙ ፊት አንድ መስመር ያሰምራል። አብዲ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ብዙም ያልቆየ ፈጣን ፕሮግራመር አለን። የእሱ መስመር ሰሌዳውን ጨርሶ ግድግዳው ላይ ሊወጣ ደረሰ። የመስፍን ግን ከሁለት ከሦስት አያልፍም።

መስፍን ከወላይታ መጥቶ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። ሌሎቻችን የሠራነውን ኮድ ከመውጣቱ በፊት የሚያነበው እሱ ነው። አንብቦ ጥያቄ ይጽፋል። "ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምን ይሆናል?" "አማርኛ የማያነብ ሠራተኛ ይህን መልእክት ምን ያደርገዋል?" ጥያቄው አያልቅም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

አንድ ቀን አቶ ታምራት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሌዳውን ሲያዩ ቆዩ።

"ይሄ መስፍን ምንድን ነው የሚሠራው?" አሉኝ።

"ያነባል።"

"ማንበብማ ማሽኑም ያነባል። አሁን አምስት ሰው አያስፈልገንም፣ ዘይነብ። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበትና አንድ ስም ስጪኝ።"

የማን ስም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

መስፍን ሞኝ አይደለም፤ ሰሌዳውን እሱም ያያል። በሳምንቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና "ዘይነብ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብትጽፊልኝ" አለኝ። ለምን ብዬ መጠየቅ አልደፈርኩም። ደብዳቤውን ኤ አይ እንዲጽፍልኝ አዘዝኩ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ የሚል ያማረ ነገር አወጣልኝ። ስሙን ቀይሬ ለታች ሱቅ ዘበኛ ብሰጠውም ይሆነው ነበር። እኔው ላስተካክለው ብዬ ብቀመጥ፣ መስፍን የሚሠራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃው ነበርኩ እኮ! መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በዚያው ሰሞን አብዲ አዲስ የአልጋ መልእክት ሠራ። የአየር ሁኔታውን እያየ ዝናብ ሲመጣ "ሸፍኑ"፣ ፀሐይ ስትወጣ "ግለጡ" የሚል ነው። ኮዱን ኤ አይ ጻፈው፣ መፈተሻውንም ያው ኤ አይ ጻፈው፣ ፈተናውንም አለፈ። ራሱ ፈታኝ፣ ራሱ ተፈታኝ! መስፍን አነበበና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ቀትር ላይስ? ፀሐይ ስትበረታ ቡናውን ይሸፍኑት የለ? አደ ሐዋን ልጠይቃቸው?"

አደ ሐዋ አጋሮ አጠገብ ያለ ጣቢያ የማድረቂያ ኃላፊ ናቸው። እኔ ሳልወለድ ቡና ሲያደርቁ የነበሩ ሴት ናቸው፤ አደ በአፋን ኦሮሞ እንደ ወይዘሮ ነው።

"መስፍን፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አሳልፍ!" አልኩት፣ ሰው ፊት። ፈቀድኩና መልእክቱ ወጣ። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ቡና እጠጣለሁ እንጂ አድርቄ አላውቅም።

ከሦስት ቀን በኋላ አደ ሐዋ ደወሉልኝ። ሰላምታውንም አሳጠሩት።

"ዘይነብ፣ ቡና አድርቀሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም፣ አደ ሐዋ።"

"ስልክሽም አያውቅም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ያልደረቀ ቡና የቀትር ፀሐይ ካገኘው ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሸፈንና ፀሐይዋ ስትበርድ ይገለጣል። አደ ሐዋ አስሸፍነው ዙህር ሊሰግዱ ሄዱ። በዚህ መሐል ስልኩ "ፀሐይ ወጥታለች፣ ግለጡ" አለ። አዲሶቹ ሠራተኞች፣ ከጅማ ቢሮ የመጣ ትእዛዝ ነው ብለው ገለጡ። አደ ሐዋ ሰግደው ሲመለሱ ሮጠው ሌላውን አዳኑት፤ የአንዱ አልጋ ቡና ግን ተሰነጠቀ።

በማግስቱ መስፍንንና አብዲን ይዤ በሚኒባስ አጋሮ ወረድኩ። አደ ሐዋ ሳይቆጡ እጃችንን ቡናው ውስጥ እንድናስገባ አዘዙን። ቅርፊቱ በጣቴ መሐል ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ይህ አልጋ ከአንደኛ ደረጃ ወጥቷል አሉን።

"ኮዱ እኮ ስሕተት አልነበረውም" አለ አብዲ፣ ቀስ ብሎ።

"ቡናው ማንበብ አይችልማ፣ ልጄ!" አሉት አደ ሐዋ።

ሠራተኞቹ በሙሉ ሳቁ። አብዲም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"አደ ሐዋ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "መስፍን እርስዎን ልጠይቅ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።"

ወደ መስፍን ዞር አሉ። "ኤዬ፣ እየደወልክ በጥያቄ የምታደርቀኝ አንተ ነህ? እኔ ቡና አደርቃለሁ፣ አንተ እኔን ታደርቃለህ! ሰሞኑን ምነው ጠፋህ? ታመህ ነው?"

መስፍን መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሳቸው ይደውል ነበር። የጠፋው እኔ ሰው ፊት ካዋረድኩት ቀን ጀምሮ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ አብዲ እየሰማ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰው ፊት የተሰበረ ሰው ፊት ነው የሚጠገነው። ቢሮ ገብቼ ሰሌዳውን ወለወልኩ። ከዚያ መስፍን በሁለት ዓመት ውስጥ ከኮዶቻችን ሥር የጻፋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ደብዳቤውን እንደ አዲስ፣ በራሴ እጅ ጻፍኩት፦ ምን ጠየቀ፣ ማንን ደውሎ አነጋገረ፣ ምን ስሕተት ሳይወጣ ቀረ።

ለአቶ ታምራት ወስጄ ሰጠኋቸው።

"ይሄ ስም አይደለም" አሉኝ።

"የመስፍን የሥራ ልምድ ነው። አንብበው ከጨረሱ በኋላም ስም ከፈለጉ የእኔን ይጻፉ። ያንን መልእክት የፈቀድኩት እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔስ መች ዐወቅኩና!"

እስከ መጨረሻው አነበቡና አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። "ይሄን ደብዳቤ ለእሱ እንዳትሰጪው" አሉ። "የሥራ ልምድ ለሚሄድ ሰው ነው የሚሰጠው።" አልሐምዱሊላህ! ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ዛሬም አብዛኛውን ኮድ የሚጽፈው ኤ አይ ነው፤ እኔም አልጠላሁትም። ግን ኮዱ ከመውጣቱ በፊት ያሠራው ሰው፣ ስክሪን ሳያይ፣ ለሚጠቀምበት ሰው በስልክ ያስረዳል፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ። አብዲ መጀመሪያ ላቡ ጠብ ይል ነበር። አሁን አደ ሐዋ ለእኔ መደወል ትተው ለእሱ ነው የሚደውሉት። ቅር ብሎኛል ብል አትመኑኝ። መስፍን የንባቡ ኃላፊ ሆኗል፣ ጥያቄውም ብሶበታል።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ "ያ ደብዳቤዬስ?" አለኝ።

"አቶ ታምራት ወሰዱት።"

"ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽው?"

"ሦስት ገጽ ሆኗል።"

"እኔ አንዱም ይበቃኝ ነበር" አለና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአብዲን ኮድ ማንበብ ቀጠለ።

ቡድን ለምትመሩ የምለው ይህን ብቻ ነው። የሠራተኛችሁን ሥራ በራሳችሁ ቃል መጻፍ ካቃታችሁ፣ ልታሰናብቱት አትቸኩሉ። እኔ የመስፍንን ስም ላቀብል የቀረኝ አንድ ሳምንት ነበር።