ዘጠና ስምንት ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኬን ከእጄ ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና «እማዬ፣ ይሄን አፕዴት ለምን አታደርጊውም? ወር ሙሉ እየለመነሽ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስልኬ በየጠዋቱ አዲስ ማሻሻያ መጥቷል ይለኛል፤ እኔም በየጠዋቱ «በኋላ» የሚለውን እነካለሁ። ከስንፍና አይደለም። አፕዴት የሚባል ነገር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ቀኑና ሰዓቱ ወደተጻፈበት ጥግ ነው። ከዚያ የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ኮረሪማም ይሸተኛል። ልጄ ሳቀችብኝ። ተቀመጪ አልኳትና ነገርኳት።

ጅማ የኮምፒውተርና የጸሐፊነት ሥልጠና ወስጄ አገሬ ቦንጋ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ኮረሪማና ጥምዝ ሲነግዱ የኖሩት ጋሽ ወልዴ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንድ ክፍል ሱቃቸው ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመሩና እኔን ቀጠሩኝ። ቅመሙ ከወጣ በኋላም ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ደንበኞቻችን የሰርግ መጥሪያቸውን ሳይቀር እያሸተቱ ይሄዱ ነበር። ኮምፒውተሯን ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ከጅማ ገዝተው፣ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ላይ ታቅፈው ነው ያመጧት። መንገዱ ያን ጊዜ ኮረኮንች ስለነበር ክንዳቸው ሳምንት ሙሉ ታመመ።

ማሽኗ ስትከፈት ከደመና ጋር «ዊንዶውስ 98» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ዓመተ ምሕረቱም ዘጠና ስምንት ነበር። ጋሽ ወልዴ ሰው በገባ ቁጥር ወደ ሞኒተሩ እየጠቆሙ «የዘንድሮ ናት!» ይላሉ። ሻጩ ነግሯቸው ይሁን ራሳቸው ገምተው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁጥሩ የፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት መሆኑ፣ ማሽኗም ያረጀች መሆኗ ሠልጥኜ ለመጣሁት ለእኔ እንኳ ውሎ አድሮ ነው የገባኝ። ለእሳቸው ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «የዘንድሮ ናት» ሲሉ ፊታቸው የሚበራውን ያየ ሰው ይፍረደኝ።

በዚያ ላይ የማሽኗን ቀን በእኛ አቆጣጠር አድርጌው ነበር። ደብዳቤ ስጽፍ ቀኑን ራሷ ታስገባልኛለች፤ የቦንጋ ሰው ደግሞ የፈረንጅ ቀን ያለበትን ማመልከቻ ይዞ የትም አይሄድም። ስለዚህ ከግድግዳው ካላንደር ጋር አስማማኋት። መስከረም አንደኛ ወር፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር፣ ሰዓቱም በእኛው። ደህና ትሠራ ነበር። ብቻ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር አጭር ስለሆነ ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲያልፍ ኅዳር ገባ ትላለች፤ ሠላሳ አንድ ባለች ቁጥር ደግሞ እኔ እየጎተትኩ እመልሳታለሁ። ጳጉሜን ጨርሶ አታውቅም። ሙሉ ወር የማታውቅ ማሽን እንዴት ሂሳብ ትችላለች እያልኩ ብዙ ጊዜ እገረም ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ በጠናበት አንድ ጠዋት፣ እትዬ አስካለ ጫካው ውስጥ ካለችው መንደር፣ ከማንኪራ፣ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጭቃው እግራቸውን ውጦታል። ባላቸውን ጋሽ ገብሬን የማያውቅ አልነበረም። ቀፎ ሰቃይ ናቸው፤ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ለማየት አንገቱን የሚያመው ዛፍ ላይ በገመድ ወጥተው ቀፏቸውን ሰቅለው ይወርዳሉ። ሚያዝያ ላይ በሆድ ሕመም ጅማ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ከዚያ በሕይወት አልተመለሱም። እትዬ አስካለ ከብቶቹን የሚተዉለት ሰው አጥተው አብረው አልሄዱም ነበር።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ጣት የምታህል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፍላሽ ነበር።

«ልጄ፣ ገብሬ እዚህ ውስጥ አለ ይሉኛል። አውጪልኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ስለ ጫካ ማር የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማንኪራ መጥታ ጋሽ ገብሬን ስታነጋግር ድምፃቸውን ቀድታ ነበር። መሞታቸውን ስትሰማ በሾፌር እጅ ይህቺን ላከች። መቅረጫዋ በሌባ ስለተወሰደ ሌላ ቅጂ እንደሌላት፣ እንዳይጠፋም አደራ ስትል መልእክት ልካለች። አርባቸው የፊታችን እሑድ ነው።

«ሲሄድ ‹ሰሞኑን እመለሳለሁ› ነው ያለኝ። ከበሩ ላይ ሆኖ። ደህና አድርጌ እንኳ አልሰማሁትም፤ ጥጃ እያሰርኩ ነበር። ከአርባው በፊት አንዴ ልስማው» አሉ።

ሰካኋት። ማሽኗ በእንግሊዝኛ አዲስ ዕቃ አግኝቻለሁ አለች፤ ወዲያው ግን ምንነቱን አላውቀውም፣ የሚያስተዋውቀኝን ሲዲ አምጡ ብላ ቆመች። ፍላሽ የሚባል ነገር ሳይለመድ የተሠራች ናትና አልፈርድባትም። በየመሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ግን ቫይረስ ይገባል ተብሎ ከውጭ የመጣ ፍላሽ እንዳይነካቸው ተከልክሏል። ዞሬ ለመንኩ፤ አንዱም እሺ አላለኝም።

የቀረኝ መምህር ሳምሶን ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ቦንጋ የተመደበ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የተበላሸ ሬዲዮ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ዓይነት ሰው። ነገሩን ስነግረው ቤቱ ሄዶ ጅማ ኢንተርኔት ቤት ያስቀዳውን አንድ ሲዲ ይዞ መጣ።

«ይሄ ለዘጠና ስምንት የተሠራ አፕዴት ነው። ፍላሽ ያስነብባል ይባላል። ይፋዊ ግን አይደለም» አለ።

ጋሽ ወልዴ ከፎቶ ኮፒው ኋላ ብቅ አሉ። «ይፋዊ አይደለም ማለት? ባለቤቱ ያልፈቀደው ነው?»

«ባለቤቱ የተወው ነው፣ ጋሽ ወልዴ። አሮጌ ማሽናቸውን መጣል ያልፈለጉ ሰዎች በየአገሩ ሆነው፣ የራሳቸውን ጨማምረው የሠሩት ነው።»

«ታዲያ ለአሮጌ ማሽን ይሁና! የዘንድሮ ማሽን ምን ማሻሻያ ያሻታል?»

መምህር እኔን አየኝ። እኔ ማውሱን አየሁ።

«ብቻ ብትበላሽስ?» አሉ ጋሽ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ልትበላሽ ትችላለች። አልዋሽዎትም።»

እንጀራቸው ናት። ዞር ብለው እትዬ አስካለን አዩ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሞኒተሩን እያዩ ነበር። «እንግዲህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። ሞክሩ» አሉና ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ ወጡ።

ሲዲው ገባ፤ አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳየን፤ እሺ የሚለውን ስንነካ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደገምነው፤ ጠፋ። ቦንጋ ውስጥ እንቢ ያለ ነገር ሁሉ እርጥበት ገብቶበት ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ክብሪትም፣ ጨውም፣ የትምህርት ቤት ደወልም። ስለዚህ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ሲዲውን በነጠላ ወለወልን። ሲፒዩውን ፈታን። ከጎረቤት ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተውሰን ሆዷን አደረቅናት፤ ተራ ስትጠብቅ የነበረች ሴት ከነቢጎዲኗ መጥታ ቆማ ታየን ነበር። ገጠምናት፣ ሞከርን። ያው ነው።

በማግሥቱም ያው። እትዬ አስካለ ከተማ ዘመድ ቤት አድረው ትኩስ ጎደሬና ዳጣ ይዘው መጡ፤ ቆመን በላን። ያ ጎደሬ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። መምህር አፉን እያራገበ «ቆይ ግን፣ ያ ሳጥን ምንድን ነው የሚለው?» አለ። እውነትም እሺ ለማለት ስንጣደፍ ሁለታችንም እስከ መጨረሻው አላነበብነውም ነበር።

እንደገና አወጣሁትና ቃል በቃል አነበብኩ። «የኮምፒውተርዎ ቀን ይህ ማሻሻያ ከተሠራበት ቀን ይቀድማል ይላል።»

«ይቀድማል? ማለት... ገና አልተሠራሁም ነው የሚለን?»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

መምህር ወደ ጥጉ ጎንበስ አለ። «ቀኑን ስንት አድርገሽዋል?»

«ዛሬን ነዋ!»

«የማን ዛሬ?»

ቀና ብዬ የግድግዳውን ካላንደር አየሁ። 1998። ማሽኗ ይህንኑ የፈረንጆቹ 1998 ነው ብላ አምና፣ ከዓለም ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርታ ቁጭ ብላለች። ያ አፕዴት በእሷ ዘንድ ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ሳቅ አፈነኝ። መምህር ጠረጴዛውን ይዞ ሲንከተከት ጋሽ ወልዴ ሮጠው ገቡ፤ ምን እንደሆነ መንገር የግድ ሆነ።

ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ሞኒተሩ ቀረቡ። ከዚያ ሞኒተሩ ላይ ያለውን 98 በጣታቸው እየነኩ «እንግዲያ ይቺ... የዘንድሮ አይደለችም?» አሉ።

«የፈረንጅ ዘጠና ስምንት ናት፣ ጋሽ ወልዴ» አልኩ።

በቁሜ ጠፋሁ። እሳቸው ግን «እኔም አርጅቼ እሠራለሁ። ቀኑን አስተካክዪላት» አሉ።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። ሳጥኑ ወጣ፤ ይህን ጊዜ አልጠፋም። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ማሽኗ ራሷን አጠፋች፤ ሞኒተሩ ጠቆረ። እንደጠቆረ ቆየ። ጋሽ ወልዴ አማተቡ። መብራት እንዳይጠፋ እኔም በሆዴ ስለት ተሳልኩ። ከዚያ ያ ደመና ብቅ አለ፤ ደመና አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፍላሿ ተከፈተች። ውስጧ አንድ ፋይል ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የዝናብ ጠብታና የንብ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጋሽ ገብሬ፣ አማርኛቸውን ቀስ እያሉ እየመረጡ፣ ንብ ጭቅጭቅ ያለበት ቤት አትገባም ብለው ለልጅቷ አስረዱ። ልጅቷ ሳቀች። እትዬ አስካለ አልተነቃነቁም፤ እንባም አላየሁባቸውም። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ገብሬ ከመቅረጫው ዞር ብለው፣ ራቅ ወዳለ ሰው፣ በአካባቢያችን ቋንቋ በካፊኖኖ ጮክ አሉ።

«አስካለ! ገመዴን የት አደረግሽው?»

«ከበሩ ኋላ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ በካፊኖኖ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲጠሩት እንደሚመልስ።

ከስፒከሩም ያው መልስ፣ ያው ድምፅ፣ ከሩቅ መጣ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፤ ካፊኖኖ የማይሰማው መምህር ሳምሶን እንኳ ዓይኑን ጠረገ፤ ምን ተባለ ብሎ የጠየቀኝ በኋላ ነው።

ድምፁን እማሽኗ ላይም ገለበጥኩት። እትዬ አስካለ ሊሄዱ ሲነሱ ምን አድርገን እሺ እንዳሰኘናት ጠየቁኝ። ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፣ ወደ ፊት አመጣናት አልኳቸው።

ፍላሿን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። «አሁን ከሰማሁት ወዲያ ወደ ነበረችበት መልሻት። እዚያ ገብሬ ደህና ነው» አሉ።

መምህር ሊያስረዳቸው ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ደብዳቤዎቹም በእኛ ቀን መውጣት ነበረባቸውና መለስኳት።

ያንን አፕዴት የሠሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አላውቅም። የት አገር፣ በምን ሰዓት፣ ምን እየበሉ እንደሠሩት እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንኪራ ያለች አንዲት ሴት ለባሏ አንድ ጊዜ መልስ እንድትሰጥ ማድረጋቸውን ማንም አልነገራቸውም። ብነግራቸው ደስ ባለኝ።

ልጄ ስልኬን መለሰችልኝ። ቀኑን አየሁ፤ ትክክል ነው። አፕዴቱን ነካሁት፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ስንጠብቅ ልጄ «ገመዱስ? አሁን የት ይሆን?» አለችኝ።

ሳላስበው በካፊኖኖ መለስኩላት። ከበሩ ኋላ ነው አልኳት።