ቅዳሜ የተመረጠችው ከተማ

ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከገበያው ጀርባ በተከራየሁት ቤት፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት አንድ ጋሼ ይኖሩ ነበር። አገር ቤት የጦር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ ለንደን ላይ ፓርክ ሮያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ሳንድዊች ያሽጋሉ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም እሳቸው ገና ጦርነት ያስተምራሉ። ማስተማር ሲጀምሩ ሻይዬን ይዤ ወደ ክፍሌ እሸሻለሁ።

ታላቅ ወንድማቸው ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ይነዱ ነበር። ከአገር ከወጡ ወዲህ አልተያዩም። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ጋሼ የአሜሪካ ቪዛ ሲያገኙ፣ ወንድምየው ደውለው አንድ ቀን ኦፍ እንዳላቸው፣ ከሁለቱ የጦር ከተሞች የመረጡትን እንደሚያሳዩአቸው ነገሯቸው። ጌቲስበርግ ወይስ ፍሬድሪክስበርግ? አሜሪካኖች እርስ በርስ የተላለቁባቸውን ሁለቱን ከተሞች ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል፤ በዓይናቸው ግን አላዩአቸውም። አንዱን መጣል አቃታቸው።

«ሰው አሜሪካ ሄዶ ሱቅ ያያል፤ እርስዎ ሬሳ የወደቀበት ሜዳ ያማርጣሉ?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብለው ይስቃሉ።

ሐሙስ ዕለት እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የወንድማቸው ሚስት ነበሩ። ባላቸው መሪ እንደያዙ ልባቸው ቀጥ ብሏል። «ቀብሩ ቅዳሜ ነው። እናንተ አርዱት» ብለው ዘጉት።

በወጉ፣ መርዶ እኔ ብቻዬን የምናገረው ነገር አይደለም። ከከተማው ሌላ ጫፍ ስትሪትሃም ለሚኖሩት፣ የለንደን አበሾች ሁላችንም ለምንፈራቸው እትዬ ደወልኩ።

«ቪዛ አላቸው፤ የቆረጡትን ቲኬት ቼንጅ ቢያደርጉ ለቀብሩ ይደርሳሉ» አልኳቸው።

«መርዶ በሥራ ቀን? ሰው ሳይሰበሰብ? ነውር አታውቂም? ብቻውን አውሮፕላን ላይ ሊያለቅስ ነው? ሁሉም ሥራ የማይገባው እሁድ ነው፤ እሁድ ማለዳ እንመጣለን።»

«ቀብሩስ?»

«ቀብር የሞተ አያስነሳም። አንቺ ብቻ ፊትሽ እንዳያሳብቅ፤ ሌላው የእኛ ነው።»

እርር ድብን አልኩ። ግን ብናገር ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ የእሳቸውን ሐዘን ትቶ የእኔን ነውር ሲያወራ እንደሚከርም አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰው ከሞቱ አሟሟቱ ይላል፤ እኔ ከዚያን ሳምንት ወዲህ ከመርዶው አረዳዱ እላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወንድማቸው ጋ ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም።

«ሥራ ወጥተው ይሆናል» አልኩ። ምላሴ ለእውነት እንጂ ለውሸት እንደዚህ የሚፈጥን አይመስለኝም ነበር።

እንደገና ሊደውሉ እጃቸውን ሲሰዱ ጨነቀኝ። «ጋሼ፣ ይልቅ ስለነዚህ ከተሞች ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ስልኩን ትተው ኩሽና ገቡና ጨው፣ በርበሬ፣ ማንኪያ፣ ያገኙትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ጌቲስበርግ ላይ ወታደሮቹ ገላጣ ሜዳ እንዴት እንዳቋረጡ በብርጭቆ አሳዩኝ። ከዚያ ማንኪያውን አጋደሙት፤ ፍሬድሪክስበርግ ያለው የድንጋይ ግንብ መሆኑ ነው።

«አዛዡ እዚህ ግንብ ላይ ይልካቸዋል። ያልቃሉ። ሌላ ይልካል። እነሱም ያልቃሉ።»

«እምቢ ያለ የለም?»

«ትእዛዝ ነዋ!»

ሻይዬ ቀዘቀዘ። ሰዓቴን አየሁ፤ እዚያ ገና ረፋዱ ነው፤ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣበት ጊዜ። ጋሼ የልጅ ያህል ደስ ብሏቸው ጨዋታውን ቀጠሉ። አንጀቴን በሉት፤ ጠላኋቸውም። ምነው እንዲህ ደስ ባይላቸው እያልኩ።

በመጨረሻ ጌቲስበርግን በእጃቸው ጠረጉት። «ፍሬድሪክስበርግ ትሁን። ቅርብ ነች፤ እሱ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብዙ አይነዳም። ለምሳ ተመልሰን አብረን እንበላለን።»

እሁድ ጎህ ሲቀድ ደረጃው በካፖርትና በነጠላ ሞላ። እትዬ አንኳኩ። ጋሼ ከፈቱ፤ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባቸው። ለቅሶው ሲፈነዳ እትዬ ከሁላችን በላይ ደረታቸውን ደቁ።

ጋሼ አላለቀሱም። ጫጫታው ረገብ እስኪል ቆመው ጠበቁና፣ «መቼ ነው የሚቀበረው?» አሉ። «ሻንጣዬን ላዘጋጅ።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ትናንት ተቀበረ፣ ልጄ» አሉ።

ጋሼ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ፈለጉኝ።

«ትናንት?» አሉ። «ትናንት እኮ ያስተምሩኝ ብለሽኝ ነበር።»