ብቻውን የሠራው ጋሪ

ዝናቡ ሳይታሰብ ሲወርድ ይልማ የብስክሌት ጎማ ሊለጥፍ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል፣ ጎረቤቱ በያጁ ሙህዲን የብየዳ ማሽኑን ሸራ ገፎ ከመንገዱ ማዶ በርበሬ ለምትሸጠው ሴት በርበሬዋን ሲያለብስላት አየ። ሙህዲን ማሽኑን በገዛ ጃኬቱ ሸፈነና ሥራው ጋ ተመለሰ።

ካሜራ የያዘው ሳምሶን ግን ያን አላየም። የመሥሪያ ቦታ ከሚያድለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከው ይልማን ሊቀርጽ ነው። ይልማ በብስክሌት የሚጎተት ጋሪ ሠርቷል፤ በአዲስ ከተማ ሐዘን ሲደርስ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ በእሱ ይጫናል። ቀድሞ በትከሻ ነበር።

«ጋሽ ይልማ፣ ብቻዎን እንዴት እንደሠሩት ይንገሩን።»

«ብቻዬን አልሠራሁትም። ሰንሰለቱን እኔ ገጠምኩ፣ ሙህዲን በየደው፣ ብረቱን እድርተኛው አዋጣ።»

«እሱ ይረዝማል። ሰው የሚወደው አንድ ጀግና ነው።»

«እኔን ጎማ ነው ብለህ አስገባኝ!» አለ ሙህዲን እየሳቀ።

ፊልሙ ሲወጣ ሙህዲን አልነበረበትም። ቆየት ብሎ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። ፊልሙ ታየ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ፦ ከእንግዲህ የመሥሪያ ቦታ የሚሰጠው በግላቸው አዲስ ነገር ለሚሠሩ ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ ይልማ፤ ቦታው ደግሞ በመንግሥት መሬት ላይ ያለው የእድሩ መጋዘን።

የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ገበያነሽ ዞር ብለው፣ «ድንኳኑን ታዲያ ወዴት እናድርገው ልጄ? አንተ ሳሎን?» አሉት።

ይልማ ቁልፉን አልቀበልም አለ። «እንግዲያው ለሌላ ጀግና ይሰጣል» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሰላምታም ያጠራጥረው ጀመር። ይሄ ሰው ምን አስቦ ነው ሰላም የሚለኝ? መጋዘኑን ከጀርባ የሚፈልገው ማን ነው? ይባስ ብሎ፣ ፊልሙን ደጋግሞ ሲያየው እውነትም ብቻውን የሠራው እየመሰለው መጣ። ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውሳኔው ገና አልተፈጸመም። ፊልሙን አይቶ የሕይወቱን ታሪክ ሊጽፍ የመጣውን የሰፈር ሰው ግን ይልማ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አይክፋህ ወንድሜ፣ አንተንም አላምንህም። አንተም ታሳምረኛለህ። እባክህ አንድ ነገር ዋልልኝ። ጽፈህ ስትጨርስ እድሩ ሲሰበሰብ ጮክ ብለህ አንብበው። ሙህዲን ‹ውሸት ነው› ካለህ እዚያው ቅደደው። ዝም ካለ ግን፣ ውሳኔው ሳይፈጸም ሁላችንም ይዘነው መሥሪያ ቤቱ እንሄዳለን፤ በእነሱም ፊት አንብብልን።»