እልልታ በሳንታ ሞኒካ

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን የፌርፋክስ ሐበሻ ባሕር ዳርቻ የሚሄደው ሊዋኝ ሳይሆን ሊበላ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሳንታ ሞኒካ እንወርዳለን፤ ጥብሱ በድስት፣ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ አባቶች በጃኬት፣ እናቶች በነጠላ። ያ ከባሕሩ ጨው ጋር የተቀላቀለ የጥብስ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ውሃውን ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ የደፈረው አልነበረም። የአባቴ የታክሲ ጓደኛ ጋሼ ታደሰ ሱሪውን ጠቅልሎ ትንሽ ገባ ሲል እንደ ጀግና ይታይ ነበር።

እኔ መዋኘት የተማርኩት ሰፈራችን አጠገብ ባለ ገንዳ ነው። እናቴ ገንዳውን የፈቀደችልኝ ታቹ ስለሚታይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አሰልጣኛችን ለባሕር ዋና ውድድር መረጠችኝ። ከዳርቻው ተነስቶ፣ ራቅ ብሎ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ምልክት ዞሮ መመለስ ነው። እናቴ ስትሰማ ሞቼ ነው ቆሜ አለች።

«ታቹ የማይታይ ውሃ ውስጥ ልጄን አላስገባም! ኖ ማለት ኖ ነው!»

አባቴ በስንት ልመና አስማማን። መጥታ ታያለች፤ ከፈራች ግን ባሕር የሚባል ነገር ለእኔ አበቃ።

ውድድሩ እሁድ ከሰዓት ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ በነጭ የሐበሻ ቀሚሷ መጣች። አባቴ ሥራ ላይ ስለዋለ ያመጣት ጋሼ ታደሰ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ገባሁ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ማዕበሉ ሲመጣ ከሥሩ እየሾለክሁ፣ ጨው እየጠጣሁ፣ ምልክቱ ጋ ደረስኩና ዞርኩ። እናቴ መዞሬን አየች። እሷ ደግሞ ደስ ሲላት የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ብድግ ብላ ነጠላዋን እያውለበለበች እልልታውን አቀለጠችው።

ዋናተኞቹን የሚጠብቀው ላይፍጋርድ ምን ያድርግ? አንዲት ሴት ወደ ባሕሩ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበች ስትጮህ ሲያይ ልጇ የሰጠመች መስሎት ቀይ ተንሳፋፊውን ይዞ ሮጠ። አጠገቤ ደርሶ ዘረጋልኝ። ክንዴ ዝሎ ስለነበር ልይዘው በጣም አማረኝ። ከያዝኩት ግን ከውድድሩ መውጣቴ ብቻ አይደለም፤ እናቴ ዓይን ፊት ተጎትቼ ከወጣሁ ዳግመኛ ባሕር አልገባም። በእንግሊዝኛ «እናቴ ናት፤ ደስ ብሏት ነው!» አልኩትና መዋኘቴን ቀጠልኩ። አላመነኝም መሰለኝ፣ እስከ ዳርቻው ድረስ አጠገቤ እየዋኘ ሸኘኝ።

እግሬ አሸዋ ሲነካ ቀና ብል እናቴ ፊት ለፊቴ ውሃ ውስጥ ቆማለች፤ እስከ ወገቧ። ላይፍጋርዱ ሲሮጥ ስታይ በቃ ልጄ አለቀች ብላ ከነቀሚሷ፣ ከነጫማዋ ገብታለች። ጋሼ ታደሰ ከኋላ ክንዷን ይዞ «አልማዝ፣ ኧረ በማርያም ተመለሺ!» ይላል።

«እሱ ነው ያወጣሽ ወይስ ራስሽ ነሽ?» አለችኝ።

«ራሴ ነኝ፣ እማዬ።»

ዞር ብላ ላይፍጋርዱን አየችው። የጠየቀችኝ ገብቶት ይሁን አይሁን እንጃ፣ በጣቱ ወደ እኔ እየጠቆመ ሳቀ። እናቴ እዚያው ውሃው ውስጥ እንደ ቆመች እንደገና እልል አለች። ከኋላዬ የቀሩት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እሷ ግን አንደኛ የወጣሁ ያህል አገላብጣ ሳመችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ የፌርፋክስ ልጆች ምግቡ ከመኪና ሳይወርድ ውሃው ውስጥ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እናቴ ታሪኩን ለእንግዳ ባወራችው ቁጥር ቢጫው ምልክት እየራቀ ሄዷል፤ ባለፈው ጊዜማ ጃፓን ልደርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። እኔም አላርማትም። የራሷን መግባት ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ስለዚህ እኔ ልናገርላት። እኔ ባሕሩ ውስጥ የገባሁት መዋኘት ስለምችል ነው። እሷ ሳትችል ገባች።