የቅዳሜው ኦፕሬሽን

ባለፈው ሰሞን ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ኡራኤል ጋ መንገዱ ተዘግቶብን ቆመን ሳለ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። መስኮቱ ዝግ ነበር። ሽታው ታክሲውን ሞላው። እኔም በቃ፣ ካዛንቺስ ተመለስኩ፤ አሮጌው ቤታችን አልጋ ላይ፣ ራሴ ላይ ፌስታል አጥልቄ፣ ኮሌጅ ልገባ።

ልንገራችሁ።

ኮሌጁ ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ኦረንቴሽን እንዳለ ሰማሁና ለእናቴ ነገርኳት። የነገርኳት ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እሷም የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። እናቴ ኦረንቴሽን የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። ኦፕሬሽንን ግን ታውቀዋለች። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ገና አፌን ሳልፈታ፣ ኦፕሬሽን ገብቶ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ለካ ባይጠራም ጆሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

«ግዴታ ነው?» አለችኝ።

«ግዴታ ነው። ሳልገባ አይቀበሉኝም።»

«ብቻሽን?»

«ኧረ ብዙ ነን!»

የስፌት መኪናው ቆመ። እኔ ክር የተበጠሰባት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃ ጀሪካን እንዳላነሳ ተከለከልኩ። እንቁላል ተጠበሰልኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እግሬ ስር ቁጭ ብላ ታየኛለች። «ምነው?» ስላት «ምንም» ትላለች። እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ? ኮሌጅ ልገባ ስለሆነ የተከበርኩ! ኩራቴ አይጣል ነበር። እሷ ጀሪካኑን ተሸክማ ስትገባ እኔ ወረቀቴን አነባለሁ።

ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሶች ተዘርዝረዋል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ግዴታ ናቸው፤ ያንን አንዱን ተማሪው ራሱ ይመርጣል። ሳይኮሎጂ ነበር፣ ጂኦግራፊ ነበር፣ ሌላም ነበር። እስከዚያ ድረስ ምረጪ ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ ማለቴ፣ ባል የምመርጥ ይመስል ነው የተጨነቅኩት።

ዓርብ ከሰዓት ጸጉሬን ለኦረንቴሽኑ እንዲያምር ብዬ ዘይት ተቀባሁ፤ በፌስታል ሸፈንኩት፣ በላዩ ሻሽ አሰርኩ፣ ወረቀቴን ይዤ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በበሩ የሚገባው ብርሃን እንደታጠበ ልብስ እርጥብ ነው። ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ከግቢው ደግሞ ባልዲ የሚሞላ ቧንቧ። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧውም የጋራ ነው፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው፤ ወሬማ አይነሳ።

መጀመሪያ የገቡት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ታይፒስት ናቸው። ብርቱካን ይዘዋል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንዱን በጥፍራቸው መላጥ ጀመሩ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ዘንድሮ እኮ ቀላል ሆኗል» አሉኝ።

«አዎ፣ እንደሱ ይላሉ።»

«ብዙ ይቆያል?»

«እስከ ምሳ ያልቃል። ቁርሴን በልቼ ነው የምገባው።»

«ኧረ እንዳትበዪ!»

«ነገ ጾም ነው እንዴ?» አልኳቸው። ከብርቱካኑ ፈልቅቀው አጎረሱኝ።

ቀጥሎ ጋራዥ የሚሠራው ጎረቤታችን መጣ። ግሪስ ግሪስ ይሸታል። በር ላይ ቆሞ፣ «ሚጡ፣ እንዳትፈሪ። ሞተር ማውረድ ማለት ነው። እኔ ስንቱን አውርጄ ሰቅያለሁ፣ ያልተነሳ የለም» አለኝ።

«አንተ ሰቅለኸው ለገሃር ላይ የቆመውስ?» አሉት ታይፒስቷ።

«እሱ ባትሪ ነው እትዬ! ባትሪ እኔን አይመለከትም።»

ሞተሩ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ግን ሰው ስለ ኮሌጄ ሊያወራ ቤቴ ድረስ መጥቶ ዝም እላለሁ? ወረቀቴን አነሳሁና፣ «ብዙውን እነሱ ናቸው የወሰኑት። አንዱን ግን እኔ ራሴ እመርጣለሁ» አልኩ።

ታይፒስቷ አማተቡ። «የሚወጣውን አንቺ ነሽ የምትመርጪው?»

«አዎ። ካልተስማማኝ ደግሞ እቀይራለሁ።»

ሜካኒኩ ቆቡን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የሚቀድዱሽ?» አለ።

ብርቱካኑን አየሁ። እንቁላሉ ትዝ አለኝ፣ ጀሪካኑም። ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ጥግ ቆማለች። ከአልጋው ዘልዬ ወረድኩ።

«ኦ-ረን-ቴ-ሽን! ኦረንቴሽን ነው! አዳራሽ ሰብስበው ስለ ትምህርቱ ይነግሩናል፣ በቃ! ማንም ማንንም አይቀድድም!» ፌስታሉ ጆሮዬ ላይ ይንኮሻኮሻል።

ሜካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ታይፒስቷ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እናቴም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም የምትስቅ መስሎን ነበር። ነጠላውን ስታወርደው ግን የሳቀ ሰው ፊት አልነበረም።

«ለቂርቆስ ጥላ ተስያለሁ» አለች።

ሜካኒኩ ሳቁን አቋረጠ።

«ኦፕሬሽኑ ከሌለ እኮ ስለቱም የለም» አሉ ታይፒስቷ፣ ቀስ ብለው።

«ልጄን በደህና መልስልኝ ነው ያልኩት። ከየት እንደሆነ አልነገርኩትም።»

ታይፒስቷ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ቅዳሜ አብራኝ ሄደች። «ማንም ከእናቱ ጋር አይመጣም!» ብዬ ተነጫነጭኩ፤ ማን ሊሰማኝ። ኮሌጁ በር ላይ ፀሐይ እየመታት ጠበቀችኝ። ስወጣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፣ ሆዴን በመዳፏ ነካ አደረገችው።

«ምን መረጥሽ?»

«ሳይኮሎጂ።»

«ያማል?»

ቀልዷን ይሁን ከምሯ ለማወቅ ዓይኗን አየሁ። ከዚያ ሁለታችንም መንገድ ላይ እየተደጋገፍን ሳቅን፤ ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጠራል፣ እኛ መግባት አልቻልንም።

ጥላው ገባ። ግቢው በሙሉ ነጭ ለብሶ ቂርቆስ ሄደ። ሜካኒኩ እጁን በሳሙናም በጋዝም አሽቶ ካልያዝኩት ብሎ እሱ ያዘው፤ ታይፒስቷ እልል አሉ። እናቴ እጄን አልለቀቀችም።

ኮሌጁን አልጨረስኩትም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልበትም፣ እንደዚህ ነኝ፤ ሳይኮሎጂውን ግን ወድጄው ነበር። ሰፈራችን ፈርሷል። ግቢው የነበረበት ላይ አሁን ሰፊ መንገድ አለ፤ አልጋዬ የቱ ጋ እንደነበር ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እኔም አላውቀውም። እኛ ከከተማው አንድ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ ለታይፒስቷ ሌላ ዳር። ሜካኒኩ ጋራዡን ተከትሎ ሄደ።

አምና ትርፍ አንጀት ታመምኩና እውነተኛው ኦፕሬሽን መጣ። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት እናቴ ወንበሮቹን ግድግዳ ይዛ ደረደረች፣ ብርጭቆ አጠበች። ሰው ይመጣል ብላ። ፎቁ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ደረጃ ላይ «ደህና ዋላችሁ» ተባብለን እንተላለፋለን። በራችንን ያንኳኳ ግን አልነበረም። ፀሐዩ ከመስኮቱ ሲሸሽ ራሷ የገዛችውን ብርቱካን ራሷ ላጠችው። ትንሽ ሰጠችኝና ቀሪውን ለእንግዳ ብላ ሳህን ላይ አኖረችው።

ስልኬ ጠራ። ታይፒስቷ ናቸው፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«መምጣት ነበረብኝ። ጉልበቴ ታክሲ መቀያየሩን እምቢ አለኝ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፤ «ለመሆኑ፣ የሚወጣውን አንቺ ነሽ የመረጥሽው?»

ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ። ስፌቱ ሊተረተር ደረሰ። እናቴ «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» እያለች ከወንበሮቹ አንዱን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ከብርቱካኑ ሳህን አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላቸው።