የአባቴ ጉሮሮና አልቅቱ

አባቴ የፎገራ ጎርፍ ሲሸሽ ከቀረው ኩሬ ጎንበስ ብለው ውኃ ጠጡና አልቅት ጉሮሯቸው ላይ ተጣበቀባቸው። ሦስት ቀን ደም ተፉ። እኔ ያኔ ጎንደር የድሬሰርነት ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ ለእረፍት ወረታ ስመጣ በዚሁ ላይ ደረስኩ።

መቀመጥ አልቻልኩም። መጽሐፌን ፊታቸው ዘርግቼ እለፈልፍ ጀመር። አንገት ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ። የፊተኛው የአየር ነው፤ በለስላሳ አጥንት ተወጥሮ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የኋለኛው የምግብ ነው፤ አጥንት ስለሌለው ጉርሻ እስኪመጣ ተጨፍልቆ ይተኛል። ውስጡን ድርብርብ እርጥብ ልባስ፣ ውጪውን ጡንቻ ይዞታል። የላይኛው ጡንቻ ይታዘዘናል፤ ወደ ደረት ሲወርድ ግን ማንንም አይሰማም። አልቅቱ እዚያ ቢወርድስ? ወደ አየሩ ቢዞርስ?

«አባዬ፣ እንዳይውጡ!» እያልኩ ቤቱን ዞርኩት።

እሳቸው ግን በሬ አልቅት ሲይዘው እንደሚያደርጉት፣ አልቅቱ ውኃ ሽቶ እንዲወጣ ከጠዋት ጀምረው ውኃ ሳይቀምሱ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በገበቴ ውኃ አስቀርበው አፋቸውን ከፍተው አጎነበሱ። ቆይቶ ጥቁር ጫፍ ከጉሮሯቸው ብቅ አለ። አላስችል አለኝና ወረንጦዬን ሰደድኩ። ተመልሶ ገባ።

አባቴ አፋቸውን ሳይገጥሙ በጣታቸው በሩን አሳዩኝ።

ደጅ ስንቆራጠጥ ቆየሁ። በመጨረሻ ገበቴው ውስጥ አንድ ነገር ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎም የጎረነነ ድምፃቸውን።

«በል ግባ። ያን መጽሐፍህን አምጣና የት ተቀምጦ እንደሰነበተ አሳየኝ።»