ማዳሜና የቦቴው ፍሬቻ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... መሪ በጨበጥኩ በሳምንቱ ወደ ኩሽና ልመለስ ነበር። ያውም በፍሬቻ ምክንያት!

አረብ ሀገር፣ ኾበር ከተማ፣ ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለጽዳትና ለምግብ ብዬ ነው የገባሁት። የቤቱ ሹፌር ለእረፍት ሀገሩ ሲሄድ ግን «እኔ እነዳለሁ!» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ደግሞም እነዳለሁ! የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የአጎቴን ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሴት ነኝ። የዚህንም ሀገር መንጃ ፈቃድ ተመላልሼ አውጥቻለሁ። ማዳም ደስ አላት። ባባ፣ የቤቱ አባወራ ማለቴ ነው፣ ፊቱን አጠቆረው።

«ትሞክር። አንድ ሙሽኪላ ከተፈጠረ ግን ኸላስ፣ ወንድ ሹፌር አመጣለሁ» አለ።

እኔና ማዳም የማንስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው... በፍሬቻ። እኔ ከግቢ ስወጣ ሁሉ አበራለሁ።

«ለማን ነው የምታበሪው? ለድመቶቹ?» ትለኛለች።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ማዳም።»

«እዚህ ኢሻራ ካበራሽ ሐሳብሽን ያውቁና ፈጥነው ይዘጉብሻል። ዝም ብለሽ ግቢ!»

እውነቷን ነው እኮ፣ ይዘጋሉ። እጄ ግን እምቢ ይለኛል። ሳልናገር ሰው ፊት ዘው ማለት ነውር ነው የሚመስለኝ።

እና ሐሙስ ዕለት የማዳም ልጅ ኑራ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነበረባት፣ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ ሰፈር። የፈተናው በር ከተዘጋ አበቃ፣ እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። ማዳም ከጎኔ፣ ኑራ ከኋላ ሆነው ወጣን። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ዋናው መንገድ በጥገና ተዘግቶ ወደ ጎን መንገድ አወረዱን። አንድ መሄጃ፣ አንድ መምጫ። ነፋሱ አሸዋውን እያነሳ ፊት ለፊት አያሳይም። ከፊታችን ደግሞ ውሃ የጫነ ቦቴ እየተንፏቀቀ ይሄዳል... ወይ ጣጣ!

ኑራ ማልቀስ ጀመረች። ማዳም ወንበሩን ትመታለች።

«እለፊው! ያላህ፣ እለፊው!»

ልቀድመው ወደ ግራ ልወጣ ስል የቦቴው የግራ ፍሬቻ ብልጭ አለ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ማዳም፣ አትለፊ እያለኝ ነው።»

«ማን?»

«ሹፌሩ።»

«ስልክ ደወለልሽ እንዴ?»

እኛ ሀገር መንገድ ያስተማረው ሰው ያውቃታል። ጠመዝማዛ ላይ ከባድ መኪና ከፊትህ ሆኖ የግራውን ካበራ «ሰው እየመጣ ነው፣ ቆይ» ማለቱ ነው። የቀኙን ካበራ «ክፍት ነው፣ እለፍ» ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠው እሱ ነው፣ አንተ የማታየውን ያያል። ግን ይሄን በአረብኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

«ረስቶት ነው የሚያበራው! እዚህ ግራ መታጠፊያ ማፊ፣ የለም!» ጮኸች። «ልጄ ፈተናው ካለፋት ዛሬውኑ ለባባ እነግረዋለሁ። መንዳት አትችልም እለዋለሁ!»

እውነት ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። ቢረሳውስ? የሀገሬ ሰው ባይሆንስ? በማላውቀው ሰው መብራት ተማምኜ የልጅቷንም ዕድል የራሴንም እንጀራ ልገድል? እመብርሃን ድረሽ እያልኩ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ... አልወጣሁም።

ከኋላችን የነበረ ፒክ አፕ ትዕግሥቱ አለቀ። ክላክሱን እያንባረቀ በግራዬ ወጣ። ወዲያው ከአሸዋው ውስጥ አንድ ገልባጭ መኪና ግዙፍ አፍንጫውን ብቅ አደረገ! ፒክ አፑ ፍሬኑን ይዞ እየተወላገደ ለጥቂት ተርፎ ከኋላችን ተሸጎጠ። ገልባጩ አጠገባችን ሲያልፍ መኪናችን ተንቀጠቀጠ። ኑራ ማልቀሷን አቆመች። ማዳም የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች።

ትንሽ ቆይቶ ቦቴው የግራውን አጠፋ... የቀኙን አበራ።

«ሊቆም ነው» አለች ማዳም በቀጭን ድምፅ። «ቀስ በይ።»

«አይደለም። እለፊ እያለኝ ነው።»

የራሴን ፍሬቻ አበራሁ፣ ክላክስ ነካ አደረግኩና ወጣሁ። መንገዱ ባዶ! በቃ ሐበሻ ነው ብዬ «ወንድሜ፣ ይመችህ!» ልል መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቀና ስል... ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሱዳናዊ አባት! እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላምታቸውን መለስኩ። ሳቄን ግን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ታውቂዋለሽ?» አለች ማዳም።

«ዛሬ ነው ያየኋቸው።»

ኑራ በሩ ሊዘጋ ሲል ሮጣ ገባች። ስንመለስ ማዳም ቀስ ብላ «የቀኝ ምን ነበር ያልሽው? የግራውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የቤት ሠራተኛዋ ማዳሜን የመንገድ ትምህርት አስተማርኳት! ኮራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። እንዲህ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማታ ባባ ሲገባ «እንዴት ናት፣ ትነዳለች?» አላት እኔው ፊት።

ማዳም ሻይዋን አስቀመጠች። «ሌላ ሹፌር እንዳታመጣ። ይቺ ከመኪናዎቹ ጋር ታወራለች» አለችው።

ባባ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና ቁልፉን ሰጠኝ። ሌሊቱን ቁልፉ ትራሴ ሥር አደረ... ማን ያውቃል፣ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ!